ዲቦራ ምሰሶው ላይ ያወጣችው መብራት

ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ መብራት የተበላሸበት ሰው ዲቦራ ኦሉም ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከኋላዋ ወንድ መፈለግ ነው። እሷ ፒንሳዋን ይዛ ፊቱ ቆማለች፣ እሱ ግን ሠራተኛው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛው እኔ ነኝ ስትለው ደግሞ የሚሰጣት የስልክ ቻርጀርና የሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ነው። ቤት ሙሉ መብራት ዘርጊልኝ ያላት የለም። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወንድ ነው ይላሉ፤ ጣሪያው ራሱ መርጦ የነገራቸው ይመስል።

ባለጀልባው ሙዎች ወደ እሷ የመጣውም ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለው ነው፤ ይህን እሱም አልደበቃትም። በባሮ ወንዝ ከጋምቤላ ማታር ከተማ ድረስ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስባት ትንሽ ጀልባ አለችው። ሞተር አላት፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሸራ ይሰቀልባታል። የሸራዋ ምሰሶ ከወለሏ ጋር የተበየደ ረጅም የብረት ቧንቧ ነው። ባለፈው ክረምት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ መብራት አልነበራትምና፣ ሌላ ጀልባ ሳያያት መጥቶ ጎኗን መታት። የሞተ ሰው የለም፤ እማማ ኛፑዎት ግን ባሮ ውስጥ ወድቀው ተጎትተው ወጡ። እማማ ኛፑዎት ማታር ድረስ እየሄዱ ጨርቅ የሚነግዱ፣ በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት የሌላት ጀልባ ላይ እግሬን አላሳርፍም አሉ። እሳቸው ካልተሳፈሩ ሌሎቹም አይሳፈሩም።

ሙዎች ሽቦውን በምሰሶው ውጭ አስሮ ሞክሮ ነበር፤ የሸራው ገመድ እየፈተገ በጠሰው። ስለዚህ ሽቦው በቧንቧው ውስጥ ማለፍ አለበት። ችግሩ ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ምሰሶዋ ላይ ሰው ከወጣ ትገለበጣለች። ያያት ባለሙያ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ዲቦራ ግን እሺ አለች። ይህ ሥራ ከተበላሸ ቻርጀር ስትጠግን እንደምታረጅ ታውቃለች፤ ከሠመረ ግን ስሟ ጀልባ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል።

ዲቦራ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። አባቷ ከግንድ የተፈለፈለች ታንኳቸውን ሲጠግኑ ዳር ስበው በጎኗ ያስተኟት ነበር፤ ወንዙ ዳር ያደገ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እሷም አላመነታችም። ሰው ሰብስባ የሙዎችን ጀልባ አስሳበችና በጎኗ አስተኛቻት። ታንኳ ግን ምሰሶ የላትም። ጀልባዋ ስትጋደም የቧንቧው አፍ ለስላሳው ጭቃ ውስጥ ክንድ ያህል ገብቶ ቀረ። ቀና ሲያደርጓት ቧንቧው ከላይ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዲቦራ ያፈሰሰችው ግን እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነበር።

ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሙዎች አልሳቀም፤ ይሄ ደግሞ ባሰባት። በማግስቱ ከአምልኮ መልስ ጉዞ አለ። እማማ ኛፑዎት ጨርቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አስረው ወንዙ ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ዲቦራ አላለቀሰችም ብዬ አልዋሽም፤ ትንሽ አልቅሳለች። ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ፍቅርተ ማሳ ሄደች።

ፍቅርተ ከአቦቦ መጥታ ወንዙ ዳር ቲማቲምና ጎመን የምታለማ ወዳጇ ናት። ፓምፗ ከባሮ እየሳበ በጎማ ቱቦ ያጠጣል። ዲቦራ ጎንበስ ብላ ስትታጠብ ቱቦው ውስጥ የተሰነቀረ የበሰበሰ ቅጠል ከውሃው ጋር ተወርውሮ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። ቅጠሉን አንሥታ አየችው፣ ቱቦውን አየችው፣ ቀና ብላ ምሰሶውን አየችው። ፓምፑን አውሺኝ አለቻት። ፍቅርተ ቲማቲሜስ ብላ ጠየቀች፤ ግን እየጠየቀች ቱቦውን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

ጀልባዋን ወደ ውሃው መለሷት። ባሮ ሞልቶ ነበርና፣ ወንዙ ላይ ካጎነበሰው ማንጎ ሥር ሲያስሯት የምሰሶዋ ጫፍ ቅርንጫፎቹ መካከል ገባ። ዲቦራ የሱሪዋን እግር ጠቅልላ ዛፉ ላይ ወጣች። ጀልባዋ የምትፈራውን ክብደት ዛፉ ተሸከመላት። ፍቅርተ ከታች ቱቦውን ምሰሶው ግርጌ ባለው ቀዳዳ ሰክታ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠፍራ አሰረችውና ፓምፑን አስነሣች። ቧንቧው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጭቃው ተስፈንጥሮ ወጣና የሙዎች ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። አሁን ሁሉም ሳቀ፣ ሙዎችም ጭምር።

የአባቷ ሙያ አንድ ጊዜ ቢያሳፍራትም ለመካስ አልዘገየም። ዓሣ አጥማጆች ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጠው መረባቸው ላይ የሚያስሩት ተንሳፋፊ አለ። ዲቦራ አውራ ጣት የማታክል ቁራጭ አስቆረጠች፤ ፍቅርተም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስራባት ወደ ቀዳዳው አስገባችና ቱቦውን መልሳ ሰክታ ውሃውን ለቀቀችባት። ቁራጯ ናይለኑን እየጎተተች ቧንቧውን ወጥታ ከአፉ ስትዘል ዲቦራ በአየር ላይ ቀለበቻት። የቀረው የምታውቀው ሥራ ነው። ሽቦው ከታች ከናይለኑ ጋር ታሰረ፣ ሳሙና ተቀባ፣ እሷም ከዛፉ ላይ ሳበችው። መካከል ላይ ቧንቧው የተቀጠለበት ብየዳ ያዘው። ጥርሷን ነክሳ አላላችው፣ ጠምዘዝ አደረገችው፣ እንደገና ሳበችው፤ መጣ። ምሰሶው ሲወዛወዝ እንዳይበጠስ ትንሽ ትርፍ ትታ አምፖሉን አሰረች፤ ዝናብ እንዳያስገባም አፉን ደፈነችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወርዳ ሽቦውን ከጀልባዋ ባትሪ ጋር አገናኘች። መብራቱ በራ። ወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው አይተው እልል አሉ፤ ማንም አልነገራቸውም፣ መብራቱ ራሱ ነገራቸው። ዲቦራ በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

ሙዎች እጇን ጨብጦ አመሰገናት። ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቀውም።

«ነገ አንቺም አብረሽን ነይ» አላት። «መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን ይሠራል?»

እማማ ኛፑዎት ከማንጎው ሥር ተነሡ። ጉዞው ነገ ሆኖ ሳለ ከረጢታቸውን ራሳቸው እየጎተቱ አምጥተው ጀልባዋ ላይ ጫኑት። ከመብራቱ ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩ።

«ሙዎች፣ እኔ ይህን መብራት አምኛለሁ፤ ዕቃዬም ገብቷል» አሉ። ከዚያ ወደ ዲቦራ ዞሩ። «አንቺ እዚህ ቅሪ፣ ልጄ። የወንድሜ ልጅ የዴንግ ጀልባ ሰኞ ከማታር ትመጣለች። እሷም ጨለማ ናት። ሥራው ያንቺ ነው ብዬ እነግረዋለሁ።»

ዲቦራ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ትምጣ፣ እማማ» አለች።