ልጆቹ ለሊቀመንበሩ ያወጡት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ስም ያወጡት ቦንጋ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ያስተማርኳቸው ሰባት መስማት የተሳናቸው ልጆች ናቸው። እነሱም መላእክት ከሆኑ የሚቀስፉት ዓይነት ናቸው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ጥቂት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ፣ ጸሎት ቤታችን እንዲህ ያሉ ልጆችን የማስተማር ተጨማሪ ሥልጠና እንድወስድ አዲስ አበባ ላከኝ። ጨርሼ፣ የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ስመለስ፣ የላከኝ ጸሎት ቤት በሩ ታሽጎ ጠበቀኝ። ጊዜው የደርግ ነው፤ ለማን አቤት ይባላል?

አሠልጣኛችን ጠና ያሉ፣ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። ትምህርቱን በጸሎት ይከፍቱና "አሜን" ካልን በኋላ ያው ነገር ነው፦ "አፋችሁን አትሸፍኑ! ልጆቹ የሚሰሙት ከከንፈራችሁና ከፊታችሁ ነው።" እኔ ደግሞ፣ ከእናቴ ወርሼው መሰለኝ፣ ስደነግጥ ነጠላዬን አፌ ላይ የመጎተት አመል አለብኝ። ስንት ቀን በማስመሪያ እጄን ቸብ አድርገውኛል! ስለ ስምም ነግረውናል፦ "ልጆቹ በእጃቸው ስም ያወጡላችኋል። አትመርጡትም፣ አታስለውጡትም። እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ እነሱ የቀረውን ሁሉ ያያሉ።"

ቦንጋ ላይ ቀበሌውን ለምኜ ለምኜ መጋዘኑን አገኘሁ። ልጆቹም አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ አንዱማ ከማንኪራ በኩል ጭቃውን እየረገጠ ነበር የሚመጣው። የግማሾቹ ቤት ካፊኖኖ ይነገራል፣ የግማሾቹ አማርኛ፤ ለእነሱ ሁለቱም ያው ነው። ሰዉ "ደንቆሮ ምን ይማራል?" ሲለኝ "ሰምቶ ከማይገባው ይሻላል" እለው ነበር።

እኔም ስም ወጣልኝ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱሴን በመንግሥት ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ነበር የምዞረው። ልጆቹ ብብታቸውን መታ ካደረጉ እኔን ማለታቸው ነው፤ መጽሐፍ በብብቷ። ኩራት ኃጢአት ነው እንጂ ኮርቼበት ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ስም ነበራቸው። በየስብሰባው ሕዝቡ ንግግር ሲሰማ፣ ልጆቼ የሚሰሙት ስለሌላቸው መድረኩን ያያሉ። መድረኩ ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ስማቸው እንዲህ ነው፦ አገጭ ደረት ላይ ድፍት፣ ከዚያ ብንን ብሎ ዓይን ማፍጠጥ። ቁርጥ እሳቸውን!

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጠሩኝና "የኪነት ቡድናችን መለማመጃ አጥቷል፤ መጋዘኑን ልንሰጠው ነው" አሉኝ።

"ልጆቹስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

"አብረው ይጠቀሙ። ከበሮው እንደሆነ እነሱን አይረብሻቸው።"

"እኔስ? እኔ እሰማለሁ እኮ!"

ይህን አላሰቡበትም። ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ሐሙስ መጥተው ልጆቹ የእውነት እየተማሩ እንደሆነ ሊያዩ፣ ካልሆነ ግን ክፍሉ ለኪነት ሊሰጥ ተስማማን። ተስማማን ስል እሳቸው ወሰኑ ማለቴ ነው።

ነገሩ የክፍል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከሁሉም ቀልጣፋዋ የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች፤ አሥር ዓመቷ ነው። እኔ ዘንድ እስክትመጣ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ያስገቧት ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ ተመልሳ ጓዳ ነች።

ሐሙስ ዕለት ልጆቹ አኮሩኝ። ደመሩ፣ ቀነሱ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው "ኢትዮጵያ ትቅደም"ን በምልክት አሉ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሏቸው በሩ ጋ ደረሱ። ምናለ ዝም ብለው ቢሄዱ! ዞር ብለው፣ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ቀስረው፣ "ለመሆኑ የእኔን ስም በእጃቸው ምን ይሉታል?" አይሉ መሰላችሁ!

"እኔ እንጃ" ልል አፌን ሳልከፍት ልጅቷ ተነሣች። ጣታቸውን አይታ ገብቷታል። አገጯን ደረቷ ላይ ደፋች፣ ብንን አለች፣ ዓይኗን አፈጠጠች። ስድስቱም ተከትለው ድፍት፣ ብንን! ወይ አምላኬ!

"ምን ማለት ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

በዚያው ሳምንት "በሐሰት አትመስክር" የሚለውን ትእዛዝ በድብቅ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብ አደረግሁና "አንገቱን ደፍቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ የሚያስብ፣ ከዚያም ለሥራ የሚነሣ ማለት ነው" አልኩ።

ፊታቸው በራ። "ክፍሉ የእናንተ ነው" ብለው ሄዱ።

ልጅቷ ግን ትክ ብላ ታየኛለች። እንዲህ ባለ ስም ማን ይደሰታል? መዋሸቴ ገብቷታል። በማግሥቱ ስገባ ብብቱን የነካ የለም። ሰባቱም መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱ። "ማን ናት?" አልኳቸው በእጄ። ወደ እኔ ጠቆሙ። ተቃጠልኩ! ጮህኩ፣ ሰሌዳውን ደበደብኩ፤ ማን ሊሰማኝ! ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክፍሉን አተረፍኩ፣ ስሜን አጣሁ።

ይባስ ብሎ በቀጣዩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ስማቸውን ከነትርጉሙ ለሕዝቡ አሳዩ። ሕዝቡ ሳቁን የሚደብቅበት ቢያጣ ጭብጨባውን አቀለጠው።

አልቻልኩም። ልጅቷን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና፣ እሷ እያየችኝ፣ በአፌም በእጄም "ጓድ ሊቀመንበር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ስምዎ 'ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ' ማለት ነው" አልኩ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰር ነበር።

ሊቀመንበሩ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የዚያኑ ዕለት ለባለቤቴ ባሳያት በሳቅ ፈረሰች።"

"ታዲያ ለምን ለሕዝብ አሳዩት?"

"ምነው መምህርት! አሁን እኮ ባንቀላፋም ሰው ሁሉ 'እያሰበ ነው' ይላል። እባክሽ ትርጉሙን እንዳትቀይሪብኝ።"

ያሉትን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ለልጅቷ በእጄ ነገርኳት። ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ወደ ክፍላችን ስንመለስ ጭቃው መሀል ቆም አለችና መዳፏን አፏ ላይ ጎተተች። አሁንም? ልቤ ስብር አለ። ከዚያ ግን ያንኑ መዳፍ ወደ ታች አውርዳ አፏን ገለጠችው። የወጣ ስም አይሻርም፤ ጨመረችበት እንጂ።

እስከ ዛሬ ስሜ ይኸው ነው፤ ሸፍና የገለጠች። እሷ ገበያ መሀል ብታገኘኝም ሙሉውን ነው የምትጠራኝ። ሌሎቹ ግን ሲቸኩሉ መግለጡን ይተዉታል።