ቆዳውን ገፎ የበላው «ጫጩት»

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ከመቀመጤ ስልኬ ጮኸ... የማላውቀው ቁጥር ነው። እኔ እዚህ ሰቆጣ የዶሮ እርባታ ባለሙያ ነኝ። ገበሬዎች ቁጥሬን ስለሚቀባበሉት አልገረመኝም።

«ልጄ፣ የጫጩት ሙቀት የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ አባቴ፣ ምን ገጠመዎት?»

«መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሳጥኑ ሙቀት ወርዶብኝ ደነዘዘ። አልበላም አለ።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው።»

«ሌሎቹ ሞቱ?»

«ኧረ ሌላ ኖሮትም አያውቅ።»

አንድ ጫጩት... እሺ ይሁን። «ምን ነበር የሚያበሉት?»

«ፌንጣ።»

«ላባ ማውጣት ጀምሯል?»

«ላባ?» አሉ። ጥያቄዬ ግራ ያጋባቸው መሰለኝ። «ላባስ የለውም» አሉ በመጨረሻ፣ «ቆዳውን ግን ባለፈው ሳምንት ገፎ በላው።»

ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንስቼ አየሁት። በሥራዬ ብዙ የዶሮ በሽታ አይቻለሁ... ቆዳውን ገፎ የሚበላ ጫጩት ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። አዲስ በሽታ ገብቶ ቢሆንስ? «ማንም እንዳይነካው፣ መጣሁ!» አልኩና ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝኩ።

ቤቱ ከከተማው ዳር ነው። ሰውየው አቶ ሞገስ ይባላሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በር ላይ ጠበቁኝ።

«የታለ አባቴ?»

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉት። ደረታቸው ላይ ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት እንሽላሊት ተጋድሟል! ጮኼ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«አይናከስም» አሉኝ ረጋ ብለው።

«ይሄ እኮ ጫጩት አይደለም!»

«እኔ መቼ ጫጩት ነው አልኩሽ?»

እውነታቸውን ነው... አላሉም። ቆዳውን በየጊዜው ገፎ መብላትም የፍጥረቱ ልማድ ነው አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ወርቄ ጅቡቲ ሰው ቤት ስትሠራ፣ አሠሪዎቿ አገር ሲለቁ የእነሱ ልጅ ያሳድገው የነበረውን እንሽላሊት ለእሷ ተዉላት። በፕላስቲክ ዕቃ ይዛው፣ መኪና እየቀያየረች እዚህ ድረስ አመጣችው። የቆላ ፍጥረት ስለሆነ መስታወት ያለው ሳጥን አሠራችለት፣ አምፖል አንጠለጠለችለት፣ ቴርሞሜትር ለጠፈችለት። ከዚያ ዓረብ አገር ልሂድ አለች። አባት እምቢ አሉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ወርቄ የለችም።

«እኔን ሳትሰናበት ሄዳ፣ በሳምንቱ ደውላ ‹እንሽላሊቱን አደራ› አትለኝም?» አሉ አቶ ሞገስ። «ተናድጄ ሜዳ ላይ ልጥለው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጣሉትም?»

«ከጣልኩት ከእሷ ጋር ምን ልናወራ? ሌላ ነገር ካነሳሁ እንጣላለን፣ ትዘጋዋለች። ‹ሙቀቱ ስንት ሆነ?› ትለኛለች፣ ቁጥሩን እነግራታለሁ። ‹በላ?› ትላለች፣ ‹በላ› እላታለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያወራነው። ዛሬ ከሰዓት ትደውላለች።»

እንሽላሊቱን በጓንት ተቀበልኳቸው። ደርቋል፣ እግሩ አይንቀሳቀስም። ሞቷል ልበላቸው? አፌ ድረስ መጣ... አልቻልኩም። ደግሞም አላወቅኩም። ላም ብትሆን፣ ዶሮ ብትሆን መተንፈሷን የት እንደማይ አውቃለሁ። የዚህኛውን ማን አስተማረኝ? የማውቀው መብራት በሌለበት ገጠር ጫጩት የምናሞቅበትን የጭድ ሳጥን ብቻ ነው።

«ጭድ አለዎት?»

«የገብስ ጭድ ሞልቷል።»

ካርቶን ውስጥ ጭድ ጠቀጠቅን። መሃሉን ጎድጎድ አድርገን ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥን። ቴርሞሜትሩን ከመስታወቱ ሳጥን ነቅለው አመጡት። እንሽላሊቱን ከጎኑ አስተኛነውና አቶ ሞገስ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት። በዚያ ሁሉ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ሆነው፣ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው በኽምጣና ያወሩት ጀመር። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፣ ቋንቋቸውን አልሰማም። ይለምኑት ይቆጡት፣ አላወቅኩም።

አሥራ ዘጠኝ... ሃያ ሦስት... ሃያ ሰባት። ሁለት ጊዜ ውሃ ቀየርን። ሰላሳ ሲደርስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ትንሽ ቆየና ምላሱን አውጥቶ የገዛ ዓይኑን ላሰው!

«ይሄ ጤና ነው?» አልኳቸው።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ?»

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት።

«ስንት ሆነ?» አለች ወርቄ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ሰላሳ አንድ።»

«በላ?»

«ገና ነው።»

በቃ ስልኩን ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ። አቶ ሞገስ ግን ዓይናቸውን ቴርሞሜትሩ ላይ እንደተከሉ፣

«አንቺ ጋስ... ስንት ነው ሙቀቱ?» አሉ።

ቴርሞሜትሩ እንዲታያቸው ካርቶኑን አንስቼ አቀፍኩላቸው።

«አርባ አምስት ነው አባዬ» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ።

«ታዲያ... ጥላ ሥር ያስቀምጡሻል? ውሃ ይሰጡሻል?»

ማልቀስ ጀመረች። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ እንሽላሊት የተኛበት ካርቶን አቅፌ መሃላቸው ቀረሁ። ልውጣ? ልቆይ? ካርቶኑንስ የት ላስቀምጠው? ለማን ምን ይባላል? መጨረሻ ላይ መደቡ ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና የጫማዬን ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። ባጃጅ እስካገኝ ድረስ የአቶ ሞገስ ድምፅ ይሰማኝ ነበር... ገና እያወሩ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ የመስክ ሪፖርት ልሞላ ተቀመጥኩ። «የእንስሳው ዓይነት» ይላል፦ ዶሮ፣ በግ፣ ፍየል፣ ከብት። ከሥሩ ደግሞ «የተሰጠው አገልግሎት» ይላል።

ወረቀቱ እስከ ዛሬ ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ ነው... ምን ብዬ ልሙላው ጎበዝ?