በግድግዳ ያለፈች ሽቦ

ልጄ የእሷን ኮምፒውተር ከእኔ አሮጌ ጋር በገመድ አገናኝታ ኢንተርኔቱን ልታካፍለኝ ትታገላለች። «የኔ ሊኑክስ ነው፣ ያንቺ ዊንዶውስ። ባይመሳሰሉም አንድ መስመር ይበቃቸዋል» አለችኝ። ገመዱን በግድግዳው ቀዳዳ ስታሾልከው ሌላ ሽቦ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ጎረቤላ ከተማ ሳለን፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ሬዲዮ አንዲት ሽቦ በጭቃው ግድግዳ አልፋ እኛ ቤት ወዳለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትመጣ ነበር። የእሷ ልጅና የእኔ ወንድም ዘምተው ደብዛቸው ጠፍቷል። የተከለከለው የአማፂዎቹ ጣቢያ ደግሞ አመሻሽ ላይ የምርኮኞችን ስም ያነባል። ነጋዴዋ ዘሃራና የቄስ ሚስት የሆነችው እናቴ አንድ ቤት ተቀምጠው ቢያዳምጡ ቀበሌ ይጠረጥራል። ሽቦዋ የተዘረጋችው ለዚህ ነበር።

አንድ ቀን ስሞቹ እየተነበቡ ሳለ የአብዮት ጥበቃዎች ኮቴ ደጃችን ላይ ተሰማ። ማጉያዋ ድምፅ መቀነሻ የላትም። እናቴ ዘላ ዘነዘናውን አነሳችና በርበሬ ትወቅጥ ጀመር። ሰዎቹ እያወሩ አለፉ። ሙቀጫው ዝም ሲል የስም ዝርዝሩ አልቆ ማጉያዋ የማርሽ ሙዚቃ ታሰማለች።

እናቴ አፏን ግድግዳው ላይ አስጠግታ፣ «ዘሃራ፣ ማንን ጠራ?» አለች።

«ወላሂ አልሰማሁም። ስም ያመልጠናል ብዬ ሬዲዮውን አላጠፋሁት፤ ያንቺን ሙቀጫ ስሰማ እኔም ወቀጥኩ።»

እናቴ ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ በርበሬ ወቅጣ አታውቅም።

«ተገናኘ!» አለች ልጄ።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው» አልኳት። ገና ምንም አልከፈተችም ነበር።