ዘይት አልቆብኛል

የመርሳ ውሃ ጣቢያ መካኒክ ሳለሁ አንዲት ነዝናዛ ፓምፕ ነበረችኝ። ሥራዋ ከጉድጓድ በሚወጣው ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ነው። ትንሽ ናት፤ ግን እሷ ከቆመች ከተማው ያልታከመ ውሃ ይጠጣል። ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ባለቀበት በዚያ ሰሞን ተቅማጥ ከገባብን ሕፃናቱን ማን ሊያተርፋቸው?

መብራት ስለጠፋ በቀረችን ናፍጣ ጄኔሬተር እያስነሣን ነበር የምንሠራው። በየጠዋቱ ከሁሉ አስቀድሜ የፓምፗን ማርሽ ዘይት አያለሁ። በጎኗ ትንሽ መስታወት አለች፤ ዘይቱ እስከ ግማሿ መድረስ አለበት። ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ ከጎደለ የማርሹ ጥርሶች ይበላላሉ። ዘይቱን የሚይዘው ጎማ አልቆ ያንጠባጥብ ስለነበር ከሥር ጣሳ ደቅኜ ጠብታውን መልሼ እሞላላት ነበር። በመጨረሻ እሱም አልበቃ አለ። ወልድያ ሄጄ እንዳልገዛ መንገድ የለም፤ ስልክም የለም።

ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ አይሱዙ የጭነት መኪና ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ የመስኖ ሞተራቸውን ስጠግን የተወዳጀን። ለማርሽ የሚሆን የካምቢዮ ዘይት አያጡም ብዬ ወደዚያ በእግሯ ለምትሄድ ሴት «ዘይት አልቆብኛል፣ ካለዎት ይላኩልኝ ብሏል በያቸው» አልኋት።

በማግስቱ ሐጂ ራሳቸው ጀሪካን የጫነ አህያ እየነዱ መጡ። ጀሪካኑን ብከፍተው የምግብ ዘይት!

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ለፓምፗ ነው!» አልሁ። ተስፋዬን ጥዬባቸው ስለነበር ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ያረቢ! እኔ ደሞ የልጆቹ ጉሮሮ ደርቆ ነው ብየ ስጨነቅ!» አሉና ሳቃቸው መጣ። «አብሽር። አይሱዙዋም ናፍጣ አጥታ ጾም ይዛለች። ና፣ ከሷ ቅዳ።»

«መኪናዎስ?»

«መንገድ ሲከፈት ዘይቱም ይመጣል። ልጅ ከሞተ ግን ማን ይመልሰዋል?»

ጀሪካኑን ቤት አድርሼ አብሬያቸው ግራና ሄድሁ። ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ቀዳሁ፤ በሻሽ አጥልዬ ይዤው ተመለስሁ። ፓምፗ እስከ ግማሽ መስታወቷ ጠጥታ ተነሣች። ጆሮዬን አስጠግቼ ድምፅዋን ስሰማ ለሐጂ ዕድሜ ለመንሁ።

ቤት ስገባ ሽሮ ቀረበ። ሁለቴ እንደጎረስሁ «ዛሬስ ወጡ ጣፍጧል» አልኋት ባለቤቴን።

«ዘይት ገብቶበት ነዋ» አለች። «ካለቀብን እኮ ወር አለፈው።»

ልጆቹ ሳህኑን በእንጀራ እየጠረጉ ነው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ስትወጣም ስትገባም የፓምፗን ታወራለህ። የኛን ደግሞ ልጨምርብህ?»

የፓምፗን መስታወት በየጠዋቱ እየጠረግሁ የማይ ሰው፣ የቤቴን ጎዶሎ ወር ሙሉ አላየሁትም። ሐጂ መልእክቱን አልሳቱትም ነበር።