ከአባቴ ካርቡራተር የወጣው ክር

ዛሬ ጠዋት ከአባቴ ሞተር ሳይክል ካርቡራተር ውስጥ አንድ ነጭ የጥጥ ክር አወጣሁ። ርዝመቱ ጥፍሬን አያህልም።

ሞተሩ ቀበና ቤታችን ጓሮ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እንደቆመ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ይነሳ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ቤንዚን ጨመርኩበት። ልክ ለመጨረሻ ጊዜ ሊነሳ እንደተሞከረበት ቀን ከካርቡራተሩ ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ፈታሁት። ክሩ ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ ሥር ተሰንቅሮ አላስገጥም ብሎታል።

ያኔ ወጣት ለጦር ግንባር ይታፈስ ነበር። አባቴ ታላቅ ወንድሜን በእንጦጦ በኩል ሱሉልታ ዘመድ ቤት ሊያሸሸው፣ ተበላሽቶ የቆመውን ሞተር ራሱ ፈታቶ ገጠመው። ቤንዚኑ ቆሻሻ ስለነበረው እናቴ በነጠላዋ አጠለለችው።

ሊሄዱ ሲሉ ቤንዚኑ ፈሰሰ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ።

"ተወው አባባ፣ በእግሬ እሄዳለሁ" አለ ወንድሜ።

እንጦጦ ራጉኤል ሳይደርስ አፋሾቹ ያዙት። ከግንባር አልተመለሰም።

አባቴ ሞተሩን ዳግመኛ አልነካውም። "አበላሽቼ ገጥሜው ነው" እንዳለ ሞተ።

ዛሬ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ጓሮ ድረስ መጣች።

"ምን ሆኖ ኖሯል?"

ክሩን በመዳፌ ጨበጥኩት። "ዝገት ነው እማዬ።"

"አላልኩም? የእሱ እጅ ጥፋት አልነበረም" ብላ ተመለሰች።

እማዬ ፌስቡክ የላትም። ያላችሁ ዘመዶች ግን አደራ።

እናንተስ ለእናታችሁ ሳትነግሩ በመዳፋችሁ የጨበጣችሁት ነገር አለ? እዚህ ጻፉልኝ።