በመድረሻው በር ያነሳኋት ፎቶ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡10፣ ካሰል

ሰዓቱን የምጽፈው በጀርመን አቆጣጠር ነው። ወፍ ሲንጫጫ ከቤት ወጣሁ። በትከሻዬ ሁለት ካሜራ፣ በኪሴ አራት የተሞላ ባትሪ፣ በፌስታል ደግሞ ዳቦ በእንቁላል። ባቡሩ ውስጥ ስድስት ሰዎች ብቻ ነን፤ አምስቱ ተኝተዋል። እኔ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ሌሊቱን ሙሉ በዓይኔ አልዞረም።

ደሴ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት የሠርግ ፎቶ አንስቻለሁ። የራሴ ስቱዲዮ፣ የራሴ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረኝ። እዚህ ደግሞ አራት ዓመት በአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ እሠራለሁ። ፎቶ አጥብ የነበርኩት አንሶላ አጣቢ ሆንኩ፤ አያ ዕድል ቀልድ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ የሚባለው ሰፈር ያለ ትንሽ ፎቶ ቤት ሁለተኛ ፎቶ አንሺ እንደሚፈልግ ሰምቼ ሥራዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፍራው ብራንት አጭር ፀጉር ያላት፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። አንድ በአንድ ገልጣ አየችና፣

«ብርሃን ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ግን ፎቶዎችሽ ላይ ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚያየው። አንቺን የረሳ ሰው አሳዪኝ። አንድ ፎቶ ይበቃል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአራት ሰዓት ነይ።»

ነገሩ አሳመመኝ፤ እውነት ስለሆነ። በእኛ አገር ሠርግ ላይ አዛዡ ፎቶ አንሺው ነው። ኬክ ሲቆረስ፣ ቀለበት ሲገባ፣ ጉልበት ሲሳም ጥሩ ካልወጣልኝ «አንዴ ድገሙት!» እላለሁ፤ ይደግማሉ። አንድ ሙሽራ የአማቱን ጉልበት አራት ጊዜ እንዲስም አድርጌያለሁ። ደሴ ውስጥ ስሜ መቅደስ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ድገሙት መጣች» ነበር የሚሉኝ።

6፡50፣ ጊሰን

ባቡሩ ሲቆም እዚህ የነበርኩበትን የስደተኞች ካምፕ አስታወስኩ። ሰናይትን ያገኘኋት እዚያ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁም ሳጥን ተጋርተናል። አሁን ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ትኖራለች፤ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት። እናቷን ካየች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዛሬ ጠዋት እናቷ እማማ ጥሩነሽ ለሦስት ወር ጉብኝት በአውሮፕላን ይገባሉ።

«ስትገናኙ ላንሳችሁ?» ብዬ ስለምናት «አንሺ፣ ግን አደራ» ነበር ያለችኝ። አደራው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ያወቅሁት መስሎኝ ነበር።

8፡05፣ አየር ማረፊያ

ቡናው አራት ዩሮ ከሰማንያ ነው፤ አሽትቼ አለፍኩ። ሰናይት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከመድረሻው በር ፊት ለፊት ቆማለች፤ ከንፈሯን እየነከሰች ቀለሙን ጨርሳዋለች። ልጇ ኤልዳና «ኦማ»፣ አያቴ፣ ብላ በቀለም የጻፈችበትን ወረቀት ይዛለች።

«ማማ፣ ዋን ኮምት ዚ?»

«ትመጣለች የኔ ማር። አሁን ትመጣለች።»

ልጅቱ መቼ እንደምትመጣ ነው የምትጠይቀው፤ ሰሌዳው ግን አውሮፕላኑ አርባ ደቂቃ እንደሚዘገይ ይናገራል። እኔ ቦታ መረጥኩ። ከዓምዱ ጎን፣ ብርሃኑ ከግራ፣ በሩ ከፊቴ። የካሜራውን ፍጥነት ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ መልሼ ከፍ አደረግኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰናይት አንድ እርምጃ ትራመዳለች፤ ሌላ ሰው ሲወጣ ትመለሳለች። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እኔም አብሬ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ።

9፡20

በሩ ተከፈተ። እማማ ጥሩነሽ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ወጡ፤ ቀጭን፣ ጥቁር ሹራብ ላይ ነጠላ የደረቡ። ሰናይት አልጮኸችም። ሮጣ ከእግራቸው ሥር ወደቀች። እናትየው ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወለሉ ላይ ልጃቸው ላይ ተደፉ። ነጠላው ተንሸራተተ። አፋቸው ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም።

ሁለት ጊዜ ካሜራውን ተጫንኩ። በሦስተኛው ሻንጣ የቆለለ ጋሪ በመሃል አለፈና ሸፈነኝ። ሙሉ በሙሉ፣ ግድግዳ! በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«አንዴ ድገሙት!»

ደገሙት። ልብ በሉ፣ ደገሙት። እማማ ጥሩነሽ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ሰናይት ደግፋ አቆመቻቸው፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቀጥ ብለው ካሜራዬን አዩ። ሰናይት ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ኤልዳና ወረቀቷን ከፍ አደረገች። ጥርት ያለ፣ የታረመ፣ የሞተ ፎቶ አነሳሁ።

ሰናይት ወደ እኔ ተጠጋችና በሹክሹክታ፣

«እናቴን ከእቅፌ አስነስተሽ አስቆምሻት» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ መቅዲ።»

«ሰኒ፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው...»

«ቴርሚን አለሽ አይደል? ቀጠሮሽ እንዳያመልጥሽ ሂጂ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ ዛይል በሚባለው የገበያ መንገድ ስመላለስ ካሜራውን ለማየት እንኳን አልደፈርኩም።

15፡55፣ ኦስትኤንድ

ፍራው ብራንት የካሜራዬን ካርድ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከተተች። የተደገመውን ፎቶ አየችና «ቆንጆ ነው» ብላ አለፈች። እኔ መነሳት ጀምሬያለሁ። ከዚያ እጇ ቆመ።

ከጋሪው በፊት ያነሳኋት ሁለተኛዋ ፎቶ ነበረች። እናትና ልጅ ወለሉ ላይ፤ የእናትየው ጣቶች የሰናይት ፀጉር ውስጥ ገብተው፤ ጭንቅላታቸው የተገለጠ። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ የለም ማለት ይቻላል። እኔም የለሁም።

«ይህን ማን አዘዘ?»

«ማንም።»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ሰው የምቀጥረው ብቻዬን አይደለም፤ ሸሪኬ ሰኞ ይመጣል» አለችኝ። «ይህችን ካየ ይቀበልሻል። ያለሷ ግን ላሳምነው አልችልም።» ከመሳቢያዋ አንድ የፈቃድ ቅጽ አወጣች። «ሁለቱም ይፈርሙ። እስኪፈርሙ ድረስ እኔ ጋ አላስቀራትም።» ካርዱን አውጥታ መለሰችልኝ።

17፡10፣ ጋሉስ

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን ማንኳኳት አቃተኝ። ሰናይት ከፈተች። ሳሎኑ ወለል ላይ ሻንጣው ተዘርግፏል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ለኤልዳና የተገዛ ጫማ። ልጅቱ ጫማው ጠቧት እንኳን አላወልቅም ብላ ከአያቷ ሥር ተቀምጣለች።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስለ ፎቶዋና ስለ ቅጹም ነገርኳት። ሰናይት መልስ ሳትሰጠኝ ካሜራውን ተቀበለችና ፎቶዋን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ኡንተርሽሪፍቱ የት ጋ ነው?» አለች፤ ፊርማው ማለቷ ነው። እስክሪብቶ አንስታ ፈረመች።

«ምንድን ነው የምትፈርሚው? እስቲ እኔም ልየው» አሉ እማማ ጥሩነሽ። መነጽራቸውን አደረጉ። ካሜራውን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ እማማ፣ እርስዎ ነዎት። በጣም...»

«ይሄ የለቅሶ ነው» አሉኝ። «አባቷን የቀበርኩ ቀን ነው እንዲህ የሆንኩት። ልጄን ያገኘሁበት ቀን የለቅሶ ፎቶ አይኖረኝም። አጥፊልኝ ልጄ።»

«እማዬ፣ የመቅዲ ሥራ እኮ በዚች ፎቶ ነው የሚገኘው» አለች ሰናይት።

«እማማ፣ ስምዎ አይጻፍበትም። ማንም አያውቅዎትም» ብዬ ለመንኳቸው። አፍሬያለሁ፣ ግን ለመንኳቸው።

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ፣ ደሴ።»

«እሷን እንዲህ ሆና ለሰው ታሳያለሽ?»

አላሳይም። እያዩኝ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫንኩት፤ ፎቶዋ ጠፋች። እሳቸውም እፎይ አሉና፣

«ቆመን የተነሳነውን ግን አጥበሽ ስጪኝ» አሉ። «ነጠላዬም ተስተካክሏል፤ ለጎረቤት የሚላክ እሱ ነው።» ከዚያ በግድ አጉርሰውኝ፣ ደግመው አጎረሱኝ።

ሰናይት ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችና፣

«ከካርድ የጠፋ ፎቶ ይመለሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«አንዳንዴ።»

«ከተመለሰ ለእኔ ብቻ ላኪልኝ። እሷ አታውቅም።»

አቅፌያት ወረድኩ።

19፡25፣ ወደ ካሰል

ሰኔ ስለሆነ ገና ፀሐይ አለ። ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የጠፋ ፎቶ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ አለ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ብከፍት በግማሽ ሰዓት አወጣታለሁ። ሰናይት ፈርማለች። የእናትየውን ፊርማ ማን ያጣራል? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ፍሪድበርግ እስክንደርስ ድረስ ፊርማቸውን እንዴት እንደምሞነጫጭር እንኳን አስቤያለሁ።

ከዚያ ካሜራውን አወጣሁና ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። መስኮቱን። ከፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር። ጫማዬን። የሚያልፈውን የስንዴ ማሳ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የገዛ መዳፌን። ጣቴን አላነሳሁም። ከማዶ የተቀመጡ ሴትዮ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ያበደች ሳይመስላቸው አልቀረም። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ምን እንደማነሳ እኔም አላይም። ሰናይት ይቅር ትበለኝ፤ የጠፋችው ፎቶ የእሷም ነበረች።

ማርቡርግ ስንቆም ካሜራው አልጫን አለኝ። ካርዱ ሞልቷል።

21፡50፣ ካሰል

ቤት ገባሁ። ነገ የጠዋት ፈረቃ አለኝ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ አንዱ መስመር ተፈርሞበታል፣ አንዱ ባዶ ነው። ሰኞ ለፍራው ብራንት ደውዬ ፎቶዋ የለችም እላታለሁ፤ ለምን ብትለኝ የፎቶዋ ባለቤት አልፈቀዱም እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ዓርብ እንድትሰጠኝ እለምናታለሁ።