የኖፓው ወጌሻና የኔ ጉልበት

ትናንት ጠዋት በጎረቤታችን በቅሎ ኖፓ ድረስ ሄጄ ነበር... ጉልበቴን ለወጌሻ ላሳይ።

እኔ መቱ፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መልእክተኛ ነኝ። ደብዳቤ ይዤ ጎሬም ኡካም በእግሬ የምመላለስ ሰው ነኝ። ክረምቱ ሲገባ ከኡካ ስመለስ ጭቃው አዳለጠኝ። እግሬ ተተክሎ ቀረ፣ ገላዬ ዞረ... ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» ሲል ሰማሁት። አሁን ጥቅምት ነው፣ እብጠቱም ከጠፋ ቆየ። ግን ቁልቁለት በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቴ ወደ ጎን ይከዳኛል።

ወጌሻው ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጭኔን በአንድ እጃቸው ያዙና ቅልጥሜን በሌላው ሳብ አደረጉት። ወደ ጎን ተንሸራተተ።

ከዚያ ደጅ ከታረደ ፍየል አንድ እግር አስመጥተው ሥጋውን ገፈፉት። መገጣጠሚያው ላይ ሁለቱን አጥንት ግራና ቀኝ የያዙ ነጫጭ ጅማቶች አሉ። አንዷን በካራ ቆረጡና እግሩን ሰጡኝ። ወዝወዝ አደረግሁት... የኔው ነው። ልክ እንደኔው ወደ ጎን ተጣጠፈ።

«አጥንት ቢሰበር አስረህ ብታሳርፈው ይገጥማል። ይቺ ግን አንዴ ከተበጠሰች ትኮማተራለች እንጂ ተመልሳ አትያያዝም» አሉኝ።

«መስፋትስ አይቻልም?»

«ህን ታኡ» አሉ በኦሮምኛ። አይሆንም ማለታቸው ነው።

«ታዲያ እርስዎ ወጌሻ አይደሉም እንዴ?» አልኩ ተናድጄ።

አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። በጠፍር ተጠፍሯል። «ወጣት ሳለሁ ከፈረስ ወድቄ ነው። እንዲህ እያሰርኩ ቤት አካባቢ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ቁልቁለት ከወረድኩ ግን ሠላሳ ክረምት አለፈኝ።»

የኔንም ጉልበት በጠፍር አስረው ሸኙኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዘነበች በር ላይ ቆማ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ቀስ በቀስ ነው አሉ።»

ጠፍሩን አየችውና ሌላ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ አለቃዬ ዘንድ ቀርቤ ሥራውን አስረከብኩ። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ «አይዞህ፣ ሲሻልህ ትመለሳለህ» አሉኝ።

«እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ... አይዞህ የሚልን ሰው ተሳስተሃል አይሉትም።